አስቸኳይ፦ የመርከቤ ቀለም ተጨማደደ፣ ጣውላውም ተከፈተ፤ ለእሁድ ይፈለጋል

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)፣ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት

እባካችሁ የምታውቁ ድረሱልኝ። ሰባት ወር የለፋሁበት የእንጨት መርከብ ዛሬ ከሥራ ስመለስ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ጠበቀኝ። በጣቴ ስነካው ላዩ ደርቋል፣ ሥሩ ግን እርጥብ ነው፤ ገፋ ሳደርገው ይንሸራተታል። ይህ ሳያንስ በግራ ጎኑ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣውላ መካከል ተከፍቷል፤ የመታወቂያዬ ጠርዝ ይገባበታል። መርከቡ የካቲ ሳርክ፣ የጥንቱ የእንግሊዝ ባለሸራ የንግድ መርከብ አምሳያ ነው፤ ከእውነተኛው መቶ እጥፍ ያነሰ፣ ርዝመቱ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጥቁሩን ቀለም የሸጠልኝ ሰው የተበረዘ ነገር እንደሰጠኝ አልጠራጠርም። እሁድ አባቴ 70 ዓመት ይሞላቸዋል። በወጣትነታቸው በንግድ መርከብ ላይ ሲሠሩ ለንደን ግሪኒች ወርደው ይህንኑ መርከብ አይተዋል፤ ፖስት ካርዱ እስከ ዛሬ ከአልጋቸው ራስጌ ተለጥፏል። ምን ላድርግ?

የልደታ ልጅ

ስቱኮ ሙይበት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊና ድገሚው። የቤቴን በር ያዳንሁት እንዲሁ ነው። በዚህ የነሐሴ ዝናብ አራት ኪሎ ላይ መርከብ የምትሠሪ አንቺ ብቻ ነሽ አስቀድመሽ ያሰብሽው!

የታሪክ ወዳጅ

ምርጫሽ ደስ አሰኝቶኛል። ካቲ ሳርክ ስኮትላንድ ውስጥ ደምባርተን ላይ ተሠርቶ ውሃ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1869 ነው። የሱዌዝ ቦይ የተከፈተው ደግሞ ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 17። ከቻይና ሻይ ለማመላለስ የተሠራው መርከብ ገና ሳይጀምር መንገዱ ተለወጠበት ማለት ነው፤ በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች በቦዩና በእኛው ቀይ ባሕር በኩል አቋርጠው ሲመጡ፣ ባለሸራዎቹ አፍሪካን መዞር ነበረባቸው። በኋላ ከአውስትራሊያ ሱፍ ሲያመጣ ነው ስሙ የገነነው። አጽሙ ብረት፣ ልብሱ ጣውላ ነው። ከውሃ በታች ያለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1832 የባለቤትነት መብት በተሰጠው የመዳብና የዚንክ ቅይጥ፣ 60 በመቶ መዳብ 40 በመቶ ዚንክ ገደማ በሆነ ስስ ቆርቆሮ ተሸፍኗል። ስለዚህ ከታች ቡናማ ቀለም ቀብተሽ ከሆነ እርማት ያስፈልገዋል።

ቀለም ቀቢው (ካዛንቺስ)

እህቴ፣ ታሪኩ ይቆየንና ሻጩን ከመወንጀልሽ በፊት ይህን መልሺልኝ። ቀለሙ የዘይት ነው የውሃ? ስንት እጅ ቀባሽ? በመካከሉ ስንት ሰዓት ቆየሽ? የት አስቀመጥሽው?

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)

የዘይት ነው። ረቡዕ ማታ አንድ እጅ ቀባሁ። ቤታችን ስለሚቀዘቅዝ ከሰል አቀጣጥዬ አጠገቡ አደረግሁለት። ጠዋት ስነካው ደርቋል፤ ሁለተኛውን እጅ ወፈር አድርጌ ደረብሁና ፍሙን አስጠግቼለት ወደ ሥራ ሄድሁ። ከታች ያለውን ክፍል ገና አልነካሁትም። ከሰሉ ለውጥ ያመጣል?

ቀለም ቀቢው (ካዛንቺስ)

ለውጥ ብቻ? ነገሩ ሁሉ እሱ ነው! ቀለምሽ አልተበረዘም። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከላይ ወደ ታች ነው፤ አየር ያገኘው ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ሥሩ ግን ገና ነው። በደረቅ ወራት እንኳ ከአንዱ እጅ እስከ ሌላው አንድ ሙሉ ቀን ይጠበቃል፤ በክረምት ከዚያም በላይ። አንቺ በሌሊት ያልደረቀውን በወፍራም ቀለም ሸፈንሽው፣ ከሰሉ ደግሞ የላዩን ቆዳ አፋጠነው። ቆዳው ሲሳብ ሥሩ የሚይዘው ነገር ስላልነበረው ተጨማደደ።

ሁለተኛውን ነገር በቁጣ ነው የምጽፈው። ቀለምና ቲነር ያለበት ክፍል ውስጥ ፍም አይገባም። ትነቱ ይቀጣጠላል። መስኮት ተዘግቶ ከሰል ያደረበት ቤት ደግሞ ሰው ይገድላል። ዛሬውኑ አውጪው።

የታሪክ ወዳጅ

ትክክል ነው። እውነተኛው ካቲ ሳርክም እ.ኤ.አ. በ2007 በእድሳት ላይ ሳለ በእሳት ተጎድቷል፤ ብዙዎቹ ጣውላዎች አስቀድመው ተነሥተው ሌላ ቦታ ስለነበሩ ተረፉ። ለሕዝብ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

የልደታ ልጅ

እኔ አሁንም ስቱኮ ነው የምለው። የተከፈተውን ስቱኮ ይሞላዋል፣ የተጨማደደውን ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክለዋል።

አናጺው (ሠራተኛ ሰፈር)

ልጄ፣ ስቱኮ አሁን እንዳትነኪ። ጣውላው ምን እንጨት ነው? ውፍረቱስ?

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)

ዝግባ ነው ጋሼ፤ የአልጋ ሠሪ ቤት ትራፊ አሰንጥቄ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ነው ያጎበጥሁት፣ የጎድን አጥንቶቹ ኮምፔንሳቶ ናቸው፣ የያዘው ኮላ ነው።

አናጺው (ሠራተኛ ሰፈር)

ጥሩ እንጨት መርጠሻል፤ ዝግባ ቀጥ ያለ ነው፣ ለመጉበጥም እሺ ይላል። እንጨት በርዝመቱ አይቀንስም ለማለት ይቻላል፤ የሚጠበውና የሚሰፋው በወርዱ ነው። ከሰሉ እርጥበቱን መጠጠው፣ እያንዳንዱ ጣውላ በወርዱ ትንሽ ትንሽ ጠበበ፣ የሁሉም ድምር ኮላው በሳሳበት ቦታ ወጣ። አሁን በደረቀበት ሰዓት ስቱኮ ብትሞዪው፣ በዚህ ክረምት እርጥበቱን መልሶ ሲጠጣ ጣውላው ይሰፋል፣ ስቱኮውን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ወይም ሌላ ቦታ ይከፈትብሻል። ከሙቀት ራቅ ባለ ቦታ አንድ ሌሊት ተዪው። አብዛኛው ራሱ ይገጥማል።

ነገ የቀረውን ታያለሽ። ፀጉር የምታህል ከሆነች፣ ከዚያው ከዝግባው ፍቅፋቂ በጣም የደቀቀውን ወስደሽ በኮላ ለውሺና በጣትሽ ጫና አድርገሽ ሙዪ፤ ቀለሙ ከእንጨቱ ጋር አንድ ነው። ከፀጉር ከሰፋ ደግሞ ስስ የዝግባ ስንጣሪ በምላጭ አሹለሽ ኮላ ነክረሽ አስገቢ፣ ሲደርቅ የተረፈውን ላጪው።

ቀለም ቀቢው (ካዛንቺስ)

በጋሼ ላይ ልጨምር። ቀለሙን ዛሬ ማታ፣ ሥሩ ሳይጠነክር አንሺው። ብርጭቆ ወረቀት አይሆንም፤ እርጥብ ቀለም ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ አንቺም እንጨቱን ትበያለሽ። የምላጭ ጠርዝ ጋደም አድርገሽ በእንጨቱ አቅጣጫ፣ ከአፍንጫው ወደ ኋላ ግፊው፤ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ይመጣል። የቀረውን ቲነር በነካ ጨርቅ ጥረጊ፣ መስኮቱን ከፍተሽ። ጨርቁን ጠቅልለሽ ጥግ አትወርውሪ፤ የዘይት ቀለም የጠጣ ጨርቅ ሲታመቅ በራሱ ይሞቃል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ዘርግተሽ ደጅ አድርቂው።

ለእሁድ ዘይት ቀለም አይደርስልሽም። ሥዕል የሚማሩ ልጆች የሚገዙትን ጥቁር አክሬሊክ ግዢ፤ በውሃ ይቀጥናል፣ በሰዓታት ይደርቃል። ሦስት ስስ እጅ። ዘይት የቀረበት ቦታ ላይ ግን ይሸሻል፤ ስለዚህ ጠረጋው ከልብ ይሁን።

የቀድሞ መርከበኛ

ቸኩላችሁ ቀለም ስታስቀቧት ዝም ማለት አልቻልሁም። እህቴ፣ አባትሽ መርከበኛ ከሆኑ በደረቅ መትከያ (መርከብ ከውሃ ወጥቶ በሚጠገንበት ቦታ) ላይ ቀለሙ የተፋቀ መርከብ ለእርሳቸው እንግዳ አይደለም። እኛ ፍቀን፣ ደግመን ቀብተን፣ ደግመን ፍቀን ነው ዘመናችንን የጨረስነው። ጣውላው እንደታየ አምጪላቸው። ቀለሙን አብራችሁ ትቀቡታላችሁ።

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)

ሐሳቡ ልቤን ነክቶታል፤ ግን አልችልም። የአባቴ ዓይን እየደከመ ነው፤ በፖስት ካርዱ ላይ የሚለዩት ጥቁሩን አካልና ነጩን ሸራ ብቻ ነው። ጥቁር ሆኖ ነው ማየት ያለባቸው።

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)፣ ዓርብ 6 ሰዓት ተኩል

ከሰሉ ወጥቷል። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ፋቅሁ። ቀለም ቀቢው እንዳለው ተጠቅልሎ መጣ፤ በመልሕቁ ቀዳዳ ዙሪያ ብቻ አስቸገረኝ፣ እሱን በጥርስ መጎርጎሪያ አወጣሁት። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ ያየሁት ስንጥቁን ነው። መታወቂያዬ አይገባም! ወረቀት እንኳ ጫፉን ነው የሚይዘው። ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ፍቅፋቂውን ሞላሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ፦ የጥቁሩና የታችኛው ቀለም ድንበር ጎባጣ አካል ላይ እንዴት ቀጥ ይላል? ባለፈው በዓይኔ ገምቼ አስምሬው ወደ ኋላ እየወረደ ሄደ።

የልደታ ልጅ

ስቱኮ ሳያስፈልግ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። ለድንበሩ ወረቀት ፕላስተር ለጥፊ።

ቀለም ቀቢው (ካዛንቺስ)

ፕላስተሩ ከመስመሩ በኋላ ነው። መርከቡን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርገሽ አስደግፊው። መጻሕፍት ደርድረሽ በላያቸው እርሳስ በጎኑ አስሪ፤ የእርሳሱ ጫፍ የውሃው መስመር በሚውልበት ከፍታ ይሁን። እርሳሱን ሳይሆን መጻሕፍቱን እየገፋሽ መርከቡን ዙሪ። ጎኑ ቢጎብጥም ከፍታው አይለወጥም፤ መስመሩ ራሱ ይወጣል። ከዚያ ፕላስተሩን ለጥፈሽ ጠርዙን በጥፍርሽ ተጫኚ፣ መጀመሪያ በሥሩ ያለውን ቀለም ስስ አድርገሽ ጠርዙ ላይ ቀቢ። የሚሾልክ ካለ ያው ቀለም ነው የሚሾልከው፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። በመጨረሻ ጥቁሩን።

ምናለሽ ተራ

ለታችኛው ክፍል ቀለም ለምን? ምናለሽ ተራ ስስ የመዳብ ቆርቆሮ ቁራጭ አይጠፋም። በመቀስ እየቆረጥሽ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከታች ወደ ላይ እያነባበርሽ ለጥፊ። ከተቃጠለ ሞተር የሚወጣው ቀጭን የመዳብ ሽቦም ለገመዱ ማሰሪያ ይሆናል። ለእሁድ ባይደርስ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል፤ ጥቁሩ ብቻ ይለቅ።

አናጺው (ሠራተኛ ሰፈር)፣ ቅዳሜ ማታ

ልጄ፣ ዛሬ ከቀባሽው ለሊቱን መስኮት ሥር አታሳድሪው፤ ጤዛ ይመታዋል። ነገ ስትወስጂው በምሰሶው አትያዢ፣ ከሆዱ ሥር በሁለት እጅሽ ደግፊው። ታክሲ ውስጥ ጉልበትሽ ላይ ይሁን።

የቀድሞ መርከበኛ፣ ማክሰኞ

እህቴ፣ ደረሰ?

የታሪክ ወዳጅ፣ ሐሙስ

እኔም እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው፣ ለሸራው የትኛውን ጨርቅ እንደተጠቀመች የሚያውቅ አለ? እኔም ልጀምር ነው።

አናጺው (ሠራተኛ ሰፈር)

አልነገረችንም። ነጠላ ከሆነ ስስ ነው፣ ያረጀውን ፈልግ፤ ብዙ የታጠበ ነጠላ ንፋስ የያዘ ይመስላል። ዝግባ ከፈለግህ ግን ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቅ።