መድሃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ነው እንዴ? አይሁዶችስ ምን ይላሉ

የጣርማበሯ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እማዬ ደም ግፊት አለባት። በቀደም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ሁለት ሳምንት ከርማ መጣችና ኪኒኑን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ለምን ስላት "እሱ ከዳሰሰኝ ወዲያ ኪኒን ብውጥ አላመንኩህም ማለት አይደል" ትለኛለች። የንስሃ አባቷ እንኳን ሁለቱንም ያዢ ብለዋት እምቢ ብላ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ምሰራው፣ በስልክ ስንጨቃጨቅ ነው ምንከርመው፣ እውነቱን ለመናገር ደሞ መልሱን እኔም አላውቀውም። አብሮኝ ሚሰራ ልጅ አጎቱ እስራኤል ነው ያለው፣ "አይሁዶች ቢታሆን ሚሉት ነገር አላቸው፣ በእግዜር መደገፍ ማለት ነው፣ የየቀን ተአምርም ይላሉ" ብሎ ጀመረልኝና ሰርቪስ መጣ ብሎ ሮጠ። ሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ እማዬ ከኦሪት የመጣ ነገር ከሆነ ትሰማለች። መና የወረደላቸው ሰዎች ኪኒን ይውጣሉ ወይ ነው ጥያቄዬ ባጭሩ።

ባለበሶ፦
መናው ድሮ ቀረ፣ እኛ ጋ ሚወርደው ውርጭ ነው ሃሃሃ። ለማንኛውም እግዜር ይማርልሽ።

ገላጭ፦
እህቴ መጀመሪያ ግፊቷን አስለኪያት፣ የግፊት መድሃኒት በድንገት ሲቋረጥ አደጋ አለው፣ ክርክሩ ከዛ በኋላ ይደርሳል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ እነሱ ኤሙናና ቢታሆን ብለው ይለያሉ። ኤሙና እግዜር አለ ብሎ ማመን ነው፣ ቢታሆን ደሞ ያንን አምኖ ልብን ማሳረፍ። ሶስተኛው ሂሽታድሉት ይባላል፣ የራስን ድርሻ መስራት፣ ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ለእናትሽ ከኦሪት ከፈለግሽ ዘጸአት 21፥19 አለልሽ፣ ሰው ተጣልቶ የመታውን ያሳክም ይላል፣ የታልሙድ (የአይሁዶች ትልቁ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ነው) ሊቃውንት ከዚች ቃል ተነስተው ነው ለሐኪም ማከም ተፈቅዶለታል ያሉት። አደጋ ያለበት ቦታ ቆመህ ተአምር ይደረግልኛል አትበል፣ ምናልባት ላይደረግልህ ይችላል፣ ቢደረግልህም ከጽድቅህ ላይ ይቀነሳል የሚልም አላቸው። እኔ ይቺን የመጨረሻዋን በጣም ነው ምወዳት፣ ተአምሩ በነጻ አይደለም ማለት እኮ ነው።

ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፣ እናትሽን ሚደግፍም አለ። ንጉሥ ሕዝቅያስ የመድሃኒት መጽሐፍ ደበቀ ይላል ታልሙድ፣ ሊቃውንቱም ደግ አደረክ አሉት። ራሺ የሚባለው ተርጓሚ ሰው ታሞ ወዲያው ስለሚድን ልቡ አልሰበር ስላለ ነው የደበቀው ይላል፣ ቁርጥ የናትሽ ሃሳብ። ራምባም ግን (ግብጽ ውስጥ ሐኪም የነበረ፣ በፈረንጅ 1204 የሞተ) ይሄንን ትርጓሜ ሲሰማ ብግን ነው ያለው፣ ታዲያ የራበው ሰው በልቶ ረሃቡ ሲለቀው እግዜርን አልታመነም ልንል ነው? ስበላ ስለ ምግቡ እንደማመሰግን ስድንም ስለ መድሃኒቱ አመሰግናለሁ ብሎ መለሰ። በተቃራኒው ራምባን ደሞ ዝናቡም ጤናውም የሚደርስብን ነገር ሁሉ የተሰወረ ተአምር ነው፣ ተፈጥሮ ብቻውን ሚባል ነገር የለም ይላል፣ በነቢያት ዘመን ጻድቃን ሐኪም ጋ አይሄዱም ነበር እስከማለትም ደርሷል። የሚገርመው እሱ ራሱ ሐኪም ነበር!

የጣርማበሯ፦
ወይኔ ራምባምና ራምባን ሁለት ሰው ናቸው? እኔ ታይፕ ስታደርግ የተሳሳትክ መስሎኝ ሁለቴ አነበብኩት።

ገላጭ፦
ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ሙሴ ነው ስማቸው፣ ሁለቱም ሐኪም። ራምባን ኋላ የመጣው ነው፣ የስፔን ጂሮና ሰው።

ካሽዶድ፦
እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ ጎንደር ነው የተወለድኩት፣ ያደኩት እዚህ እስራኤል አሽዶድ። አንድ ነገር ልጨምር፣ አያቶቻችን ታልሙድ ሚባል አያውቁም ነበር፣ ኦሪት በግዕዝ ነው የነበራቸው፣ ቢታሆን ሚለውን ቃል እዚህ መጥተን ነው የሰማነው፣ ነገሩን ግን ከማንም በላይ ኖረውበታል። የየቀን ተአምር ያልሽው በቀን ሶስቴ ከሚጸለየው ውስጥ ነው፣ በየቀኑ ከኛ ጋር ስላሉት ተአምራትህ፣ ማታና ጠዋት ቀትርም፣ እያሉ ያመሰግናሉ። ሽንት ቤት ደርሰው ሲወጡም ሚባል አለ እንዳትስቁ፣ በሰውነታችን ቀዳዳና ቱቦ ፈጠርክ፣ አንዱ ቢደፈን ወይ ቢከፈት በፊትህ መቆም አንችልም ይላል። ለደም ግፊት ሰው ይሄ በደንብ የሚገባ ይመስለኛል።

ተአምር ሲባል ግን ሁሌ የማስበው እናቴን ነው። እሷ በ1983 ግንቦት በአውሮፕላን ነው የመጣችው፣ በ36 ሰዓት ከ14 ሺ በላይ ሰው የተነሳ ጊዜ፣ አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1 ሺ በላይ ሰው ጭኖ ነበር። ታናሽ እህቷ ግን ቀደም ብላ በሱዳን በኩል በእግር ወጥታ እዛው ቀረች፣ በዛ መንገድና ካምፑ ውስጥ ወደ 4 ሺ ሰው እንዳለቀ ነው ሚነገረው። እናቴን ስለ አውሮፕላኑ ስትጠይቋት ተአምር ነው ትላለች። ስለ ሱዳን ስትጠይቋት ዝም ነው ምትለው፣ ግን የሰንበት ሻማዋን አርብ አርብ ሳታበራ ቀርታ አታውቅም። እኔ ቢታሆን ሲባል ያቺ ዝምታ ናት ምትመጣብኝ፣ ማብራራት አልችልም።

የመንዝ ገበሬ፦
ልጄ ነው ሚጽፍልኝ። እኔ ሊቅ አይደለሁም፣ ገብስ ነው ማውቀው። በልግ ዘርተን በረዶ ያወደመብን ዓመት አለ፣ ዝናቡ ጭራሽ የቀረበትም አለ። ዘሩን ጎተራ ቆልፎ እግዜር ያብቅለው ያለ ሰው ግን መንዝ ውስጥ አላየሁም። ሲዘራም በስመአብ ብሎ ነው ሚዘራው። እናትሽን ዘር ይዘራሉ ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው።

ገላጭ፦
ጋሼ እርሶ ሳያውቁት ከሊቃውንቱ ጋር ተገናኝተዋል። ታልሙዱ ላይ እምነት ሚለውን ቃል ስለ እርሻ ከሚያወራው ክፍል ጋር ያገናኙታል፣ ለምን ቢባል "በዓለማት ሕያው አምኖ ይዘራላ" ነው መልሱ። ከነማረሻው እምነት ነው ማለት ነው።

የጣርማበሯ፦
ደወልኩላት! የዘጸአቱን አነበብኩላት፣ ዝም አለች። የጋሼን ገብስ ስነግራት ሳቀች፣ "እሱማ ሳይዘራ ማን አጨደ" አለች። የራምባምን ደሞ ሰውዬው ክርስቲያን ነው ወይ ብላ ጠይቃኝ አይደለም ስላት "ቢሆንም ልብ አለው" አለች። ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ልትለካ ተስማምታለች፣ ኪኒኑን ካዘዙልኝም በጸበል ነው ምውጠው ብላለች። በጸበል መዋጥ ችግር አለው እንዴ? ሐኪም ካለ ይመልስልኝ።