ለተማሪ መመላለሻ፦ ብስክሌት ወይስ ታክሲ?

ጠያቂው (ደሴ)፦ ጀማው፣ ትምህርት ሊከፈት ነው። በየዓመቱ ቤታችን የሚነሳው ጭቅጭቅ ዘንድሮም ተነስቷል። ለልጆቹ ብስክሌት ይገዛ ወይስ እንደለመዱት በታክሲና በባጃጅ ይመላለሱ? የዓመቱ የታክሲ ሒሳብ ቢጠራቀም ብስክሌት ይገዛል የምለው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ አትሰማኝም። እስቲ ፍረዱን።

ሸዋ በር፦ እኔ ከባለቤትህ ጋር ነኝ። ደሴ እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ቁልቁለቱንማ ማን ይጠላል! ጉዱ ያለው ልጁ ርቦት ሲመለስ ነው። ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት፣ ጀርባው ላይ የመጽሐፍ መዓት፣ ፊት ለፊት ዳገት። አየሩም ቢሆን ስስ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል።

ጦሳ፦ አየሩን ተወው፣ እዚሁ ተወልደን ያደግን ሰዎች ነን። ዳገቱ ላይ ግን እውነት ብለሃል።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ እናንተ ሁልጊዜ ስለ ደሴ ብቻ! 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ በሉና እዩን፤ ከእናንተ በ600 ሜትር ዝቅ ብለን ሜዳ ላይ ነን። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በብስክሌት የሚኖሩት ሜዳ ስለሆኑ ነው። እኛስ ምን ያንሰናል?

ባለ ባጃጅ፦ ተማሪ የምጭነው እኔ ስለሆንኩ የማየውን ልናገር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ተማሪ ይጎርፋል፣ ያውም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። አድርሼ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ነዳጁ ደግሞ በሰልፍ ነው የሚገኘው። ዩኒፎርም ሲያይ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ክፉ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ሁለቴ ቢመላለስ ሒሳቡ አይወጣለትም። ሦስት ሰው ለሚይዝ ወንበር አምስት የሚጭነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልክ ነው አላልኩም። ስለዚህ ልጆቹ ብስክሌት ቢይዙ እኔ አልከፋም። የምፈራው ከባድ መኪናውን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ ደሴን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ባቲ፣ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ተሳቢ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ሜዳ ነው ያልከው ወንድሜ፣ ሲኖትራኩም እኮ የሚፈጥነው ሜዳው ላይ ነው!

የኮምቦልቻ ልጅ፦ እሱንስ አልክድም። ግን የውስጥ ለውስጥ መንገድ አለ።

ባለ ባጃጅ፦ አለ፤ አስፋልቱን የማያቋርጥ ግን የትኛው ነው?

የሦስት ልጆች እናት፦ ስታወሩ ሁሉ ስለ ወንድ ልጅ ነው። ሴቷስ? በረጅም ቀሚስ ኮርቻ ላይ ወጥታ በፒያሳ መሃል ልታልፍ ነው? ሰውስ ምን ይላል?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ የሰንሰለት መከለያ ያለው ብስክሌት ከሆነ ቀሚስ ምንም አይሆንም። እኔ ጫፉን በጸጉር ማስያዣ ጠቅልዬ አስረዋለሁ። የሰው አፍም ይለመዳል። ይልቅ በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ቆመን ስንሄድ የሚደርስብንን ሁሉ ለእናቶቻችን አንነግርም። ብስክሌት ላይ ማንም አይደገፈኝም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ይሄንን አላሰብኩትም ነበር ልጄ።

ብስክሌት ጠጋኝ፦ ስለ ፍሬን ማንም አላነሳም። ዝናብ የነካው ቸርኬ ላይ የፍሬኑ ጎማ ቶሎ አይዝም፤ በደሴ ቁልቁለት ደግሞ ቶሎ ያልያዘ ፍሬን የለም ማለት ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ብስክሌቶች ብዙዎቹ የኋላው ብቻ ነው የሚሠራላቸው፣ የፊተኛው ገመዱ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። እና መስከረም ላይ ገና ዝናቡ ሳያባራ ነው ትምህርት የሚከፈተው። የምትገዛ ከሆነ ባለ ብዙ ማርሽ ግዛ፣ ሁለቱም ፍሬን ይሥራ፣ ሄልሜት አትርሳ። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን ካሉህ ግን አብሽር፣ ቁልፉን ደብቅባቸው።

ሸዋ በር፦ ይህን ሁሉ አሟልተህ ስትገዛ ታዲያ ከታክሲ የቱ ጋ ረከሰ?

ብስክሌት ጠጋኝ፦ በአንድ ዓመት አልረከሰም። በሁለተኛው ዓመት ግን ጎማና ከመነዳሪ ብቻ ነው የምትከፍለው።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሚስቴ አሁን ስታነብ አንድ ነገር አስታወሰችኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ብስክሌት በግቢው አያስገባም፤ ውጭ አጥሩ ላይ አስራችሁ ግቡ ነው የሚለው።

ጦሳ፦ ታዲያ ክርክሩን ከዘበኛው አትጀምርም ነበር?