የድሮ መላጊያ ማሽን ቢላ፦ ልሳለው ወይስ ልቀይረው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ለዓመታት የሠራበት መላጊያ ማሽን አሁን እኔ እጅ ገብቷል። የጣውላ ፊት የሚያስተካክለው ዓይነት ነው። ሦስት ቢላ አለው፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 30 ሳ.ሜ ነው። ኩሽኔታው ደህና ነው፣ ቺንጋውን ቀይሬዋለሁ። መሸጥም መጣልም አልፈልግም።

ያስቸገሩኝ ቢላዎቹ ናቸው። አስሳልኳቸውና ራሴ መልሼ ገጠምኳቸው። አሁን ጣውላው ሊያልቅ ሲል የመጨረሻዋን 5 ሳ.ሜ ገደማ ይቦረቡራታል። ፊቱ ላይም በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ ሞገድ አለ። ደግሞ የአንዱ ቢላ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ምልክት አየሁ። ከመሳሉ በፊት አልነበረችም። ልቀይራቸው? ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? እቤት መሳልስ ይቻላል?

መልስ 1

ወንድሜ፣ እንኳን አልጣልከው። መቦርቦሩ የስለት ሳይሆን የከፍታ ጉዳይ ነው። ቢላው ከመውጫው ገበታ፣ ማለትም ጣውላው ከተላገ በኋላ ከሚያርፍበት፣ ከፍ ብሏል። ጣውላው የመግቢያውን ገበታ ሲለቅ ጅራቱ የሚያርፍበት ያጣና ቢላው ላይ ይወድቃል። ቢላው ዝቅ ቢል ኖሮ ደግሞ ጣውላው የመውጫውን ገበታ ጠርዝ እየገጨ ይቆምብህ ነበር።

ምናልባት የቢላውን ከፍታ የለካኸው ቢላዎቹን ከያዘው ሲሊንደር ተነስተህ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። መነሻህ ግን የመውጫው ገበታ ነው፤ ጣውላው የሚያርፈው እሱ ላይ ነዋ።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ማሽኑን ከሶኬት እነቅላለሁ። ቀጥ ያለች የእንጨት ዘንግ የመውጫው ገበታ ላይ አስተኛና ጫፏን ከሲሊንደሩ በላይ አሳልፋለሁ። በገበታው ጠርዝ ትክክል ዘንጓ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ሲሊንደሩን በሚቆርጥበት አቅጣጫ በእጄ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። ቢላው ዘንጓን ነክቶ ትንሽ ይዟት ይሄድና ይለቃታል። እዚያው ጠርዝ ላይ ሁለተኛ ምልክት አደርጋለሁ። በሁለቱ ምልክቶች መሀል 3 ሚ.ሜ ገደማ ካለ ጥሩ ነው። ይህን ለሦስቱም ቢላ፣ በግራም በቀኝም ጫፍ እሠራለሁ። ስድስት ልኬት ማለት ነው። ስድስቱም እኩል መምጣት አለባቸው።

ይቺ ዘንግ ከብዙ መለኪያ ትበልጣለች። የሲሊንደርህ ዲያሜትር 100 ሚ.ሜ ከሆነ፣ ዘንጓ 3 ሚ.ሜ ሄደች ማለት ቢላው ከገበታው በ0.02 ሚ.ሜ ገደማ ብቻ ከፍ ብሏል ማለት ነው። 6 ሚ.ሜ ከሄደች ግን ከፍታው በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው የሚጨምረው፤ 0.09 ይደርሳል። በዓይን የማይታየው ልዩነት ዘንጓ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሞገዱም ከዚሁ ይመጣል። ሲሊንደሩ በደቂቃ 4000 ጊዜ ይዞራል እንበል። ሦስት ቢላ ስላለው በደቂቃ 12000 ጊዜ ይቆርጣል። ጣውላውን በደቂቃ 6 ሜትር ብትገፋ በየ0.5 ሚ.ሜው አንድ ምት ያርፋል። አንዱ ቢላ ከሁለቱ ከፍ ካለ ግን ፊቱን የሚጨርሰው እሱ ብቻውን ነው፣ ምቱም በየ1.5 ሚ.ሜ ይሆናል። ጣትህ የዳሰሰው እሱን ነው።

መልስ 2

እኔ ማሽን በመጠገን ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ስለ ሰማያዊዋ ምልክት ልንገርህ፣ ልጄ። የሳለልህ ሰው ቸኩሏል። ድንጋዩን አንድ ቦታ ላይ አቆይቶት ብረቱ ግሏል። ብረት ያን ሰማያዊ የሚያወጣው 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው። ቢላህ ተራ የካርቦን ብረት ከሆነ እዚያች ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷል። ኤች ኤስ ኤስ (ሙቀት የሚችል የመቁረጫ ብረት) የሚል ወይም 18 በመቶ ቱንግስተን የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን ብዙም አትደንግጥ። እሱ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ጥንካሬውን ይይዛል። ያም ሆኖ ድንገት ግሎ ድንገት ሲቀዘቅዝ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ሊያወጣ ስለሚችል በማጉያ መነጽር እየው። ስንጥቅ ካገኘህ ቢላውን ጣለው። ይህ ድርድር የለውም።

ጽሑፍ ከሌለው በሞረድ ፈትነው። ሰማያዊው ላይ፣ ከስለቱ ትንሽ ራቅ ብለህ፣ ሞረዱን ቀስ አድርገህ ግፋው። የሚንሸራተት ከሆነ ብረቱ ጠንካራ ነው። ነክሶ የሚያነሳ ከሆነ ለስልሷል።

አንድ ነገር ደግሞ ለካ። የቢላው ውፍረት 3 ሚ.ሜ ከሆነ፣ የተሳለው ዘቅዛቃ ፊት ስፋት 4.7 ሚ.ሜ አካባቢ ሲሆን ማዕዘኑ 40 ዲግሪ ነው። የፊቱ ስፋት 6 ሚ.ሜ ከሆነ 30 ዲግሪ ሆኗል ማለት ነው። 30 ዲግሪ በጣም ቀጭን ነው፤ ጠንካራ እንጨት ላይ ቶሎ ይሸራረፋል።

እቤት መሳሉን አልመክርህም። 30 ሳ.ሜ ቀጥ አድርጎ፣ ያውም ሦስቱን እኩል መሳል በእጅ አይሆንም። ውሃ እየፈሰሰበት የሚስል ማሽን ያለው ሰው ፈልግ።

መልስ 3

ሙሉ በሙሉ እቤት መሳል አይቻልም በሚለው ጋሼ ትክክል ናቸው። በመሀል በመሀል ማደስ ግን ይቻላል፣ እኔ ሁሌ አደርገዋለሁ። ቢላውን አውጥቼ መስታወት ላይ በተለጠፈ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጀርባውን ጥቂት አሽዋለሁ። ዘቅዛቃውን ፊት ደግሞ ማዕዘኑን ጠብቆ በተቆረጠ የእንጨት መያዣ እይዘውና በዘይት ድንጋይ ትንሽ አሻሸዋለሁ። ለሦስቱም እኩል ጊዜ። የመሳያ ቀኑን በጣም ያራዝመዋል።

ከዚያ በፊት ግን ቢላውን እጠበው። ደንዝዟል ብዬ ካወጣኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ የዛፍ ሙጫ የጋገረባቸው ሆነው አግኝቻለሁ። ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሰህ አቆየው፣ ይለቃል።

ለመቀየር ከወሰንክ ውፍረቱን በካሊፐር ለካ። የድሮ ማሽኖች ብዙዎቹ በኢንች የተሠሩ ናቸው። የኢንች አንድ ስምንተኛ 3.175 ሚ.ሜ ነው። 3 ሚ.ሜ ነው ብለህ አዲስ ብትገዛ ቦታው ላይ ይገባል፣ ግን ሽብልቁ፣ ማለትም ቢላውን ሲሊንደሩ ውስጥ አጣብቆ የሚይዘው ብረት፣ እንደ ልኩ አይጨብጠውም። ክፍተቱን በወረቀት ወይም በቆርቆሮ ሞልተህ ደግሞ በፍጹም እንዳትሠራበት። ሦስቱንም በአንዴ ቀይር። በኩሽና ሚዛን መዝናቸው፤ ክብደታቸው የማይመጣጠን ከሆነ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታህንም ይበላዋል።

መልስ 4

ስለ ቡሎኖቹ ማንም አላነሳም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው እነሱን ነው። በብዙ የድሮ ማሽኖች ቡሎኑ ሽብልቁ ውስጥ ነው የሚዞረው። ቢላው የሚጠብቀው ቡሎኑ ከሽብልቁ ወደ ውጭ ሲወጣና የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲገፋ ነው። እንደለመድነው ወደ ቀኝ ካዞርከው እያጠበቅኩ ነው ስትል እየፈታኸው ነው። በቁልፍ ትንሽ አዙርና ሽብልቁ ወዴት እንደሚሄድ በዓይንህ እይ፤ ከዚያ ወስን። ከመሀል ጀምረህ ወደ ጫፎቹ፣ በሦስት ዙር እያጠበቅክ ሂድ። 10 ደቂቃ አሠርተህ አጥፋና ከሶኬት ንቀል፣ ከዚያ እንደገና ፈትሽ። ጥርሱ የተበላ ቡሎን ካየህ ያን ቀን ሥራ የለም።

ቢላ ስታወጣና ስታስገባ ወፍራም ጓንት አድርግ፣ ሲሊንደሩንም በእንጨት ሽብልቅ አስረው። ማሽኑ ሲሠራ ግን ጓንት አውልቅ፣ ይዞ ይጎትትሃል። ደግሞስ ሲሊንደሩ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? አራት ማዕዘን ከሆነ ቢላውን እርሳው፣ ማሽኑን አትጠቀምበት። የሚተወው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ እጅ ይገባበታል።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ፣ ጋሼንም ሌሎቻችሁንም። ሲሊንደሩ ክብ ነው፣ ተመስገን። ዘንጓን ሠራሁ። አንደኛው ቢላ 3፣ ሁለተኛው 4፣ ሰማያዊ ያለበት ደግሞ አንድ ጫፉ 9 ሚ.ሜ ሄደ! ቡሎኑም ልክ እንደተባለው በግልባጩ ነው። ሁለቱን አጥብቄ ነበር፣ አንዱን ፈትቼ ትቼዋለሁ። ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰማያዊው ላይ ሞረዱ ነከሰ። ውፍረቱ 3.17 ነው። ሦስቱንም ልቀይር ወስኛለሁ። አንድ ብቻ ልጠይቅ፤ አዲሱ ቢላ ሚስማር ነክቶ ቢሸረፍስ? ለአንድ ሽራፊ ሦስቱንም ማስሳል አለብኝ?

መልስ 1

ትንሽ ከሆነች የለብህም። አንዱ ቢላ ብቻ ከተሸረፈ ሌሎቹ ያንን ቦታ ይልጉታል፤ ሚስማሩ ሦስቱንም እዚያው ቦታ ላይ ከሸረፈ ግን ጣውላው ላይ ቀጭን መስመር ከፍ ብሎ ይቀራል። ያኔ አንዱን ቢላ ፈትተህ ወደ ጎን 1 ወይም 2 ሚ.ሜ አንሸራትተህ እሰረው። የእሱ ደህና ስለት በሌሎቹ ሽራፊ ቦታ ስለሚያልፍ መስመሩ ይጠፋል። ከዚያ ያንን ቢላ በዘንጓ እንደገና ለካው፣ በሁለቱም ጫፍ።