«እሽ» ማለት ያስቃል ወይ?

የአዘዞ ልጅ፦
እኔ ፊልም አዋቂ አይደለሁም። ቅዳሜ ሥራ ሲቀለኝ ወይ ጓደኛ ሲጎትተኝ ነው ሲኒማ የምገባው። በዚህ ወር ግን ሦስት አዲስ የአማርኛ ፊልም አየሁ። ለእኔ ሪከርድ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሠሪዎቹን ለማሳጣት አልመጣሁም።

አንደኛው የፖሊስ ታሪክ ነው። ደህና ነው። መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ያው ሰውዬ ያንኑ መኪና እያሳደደ ነበር።

ሁለተኛው የፍቅር ነው። ጎንደር ተቀረጸ ስለተባለ አዳራሹ ሞልቷል። ፍቅረኞቹ ከፋሲል ግንብ በር እየተሯሯጡ ወጡ፣ ካሜራው ዞር አለ፣ ባሕር ዳር ዘንባባ ሥር ቆመዋል። 180 ኪሎ ሜትር በሁለት እርምጃ! ከኋላዬ አንዱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሳቅን፣ አለፈ።

ያላለፈልኝ ሦስተኛው ነው። የሠርግ ኮሜዲ። የሙሽራዋ ቤት ሠራተኛ ከጎንደር ገጠር የመጣች ናት። ሌላው ሁሉ አዲስ አበባኛ ያወራል። እሷ አፏን በከፈተች ቁጥር የማሳቂያ ሙዚቃ ይገባል። ቀልድ እኮ አልተናገረችም! «እሽ እመቤቴ» ነው ያለችው። አዳራሹ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። አጠገቤ ለልጄ ክርስትና ከቆላ ድባ የመጣች አክስቴ ነበረች። ሲኒማ ገብታ አታውቅም። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «እኔም እንዲህ ነው የምናገር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እና ልጠይቃችሁ። የእኛን አነጋገር ማሳቂያ ማድረግ ልክ ነው? አይደለም የምትሉ ካላችሁስ ምን ይደረግ ነው የምትሉት?

ፒያሳ ቡና፦
ወንድሜ፣ ኮሜዲ ነው፤ የዕድር ቃለ ጉባኤ አይደለም። ደግሞ በሠርጌ ላይ ሚዜ ሆነህ የጎጃሞችን አነጋገር እያስመሰልህ ድንኳኑን በሳቅ ያፈረስኸው አንተ አይደለህም? ያኔ የማን አክስት ተቀምጣ ነበር? ዛሬ በአነጋገር አትቀልዱ ካልን ነገ በአማት አትቀልዱ ይመጣል። ከዚያ ምን ተረፈን?

የአዘዞ ልጅ፦
እሷን ነክተኸኛል። ግን እኔ ትኬት አልሸጥሁም።

ፒያሳ ቡና፦
ሚዜነቱም በነጻ አልነበረም። ሱፉን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ነርሷ፦
ሁለታችሁም ዳር ዳሩን ነው የምትዞሩት። ፊልሙን አይቼዋለሁ። ነገሩ አነጋገሩ ሳይሆን ማን አፍ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሐኪም አለች፣ ጠበቃ አለ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አለ። አንዳቸውም «እሽ» አይሉም። «እሽ» የምትለው ሳህን የምታጥበዋ ብቻ ናት። አሃ፣ ዘበኛውን ረሳሁት፤ እሱም ይላል።

ይች ከተማችን ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር ኖራለች። እኔ በየቀኑ «አንች፣ ሂጅና ካርዱን አምጭ» ከሚሉኝ ስፔሻሊስቶች ጋር ነው የምውል። ማንም አይስቅም። እንዲያውም ይሮጣል። አንድ ፊልም ላይ ቀዶ ሐኪሟ እንደዚህ ታውራ። ያኔ ሠራተኛዋ አሥር ጊዜ ብታስቅ ግድ የለኝም።

ፒያሳ ቡና፦
ቀዶ ሐኪሟ «እሽ» ካለችኝ ከነጉሉኮሱ ተነሥቼ ነው የምሄድ።

ነርሷ፦
ትርፍ አንጀትህን ያወጣልህ ሰው ምን የሚል ይመስልሃል? ተኝተህ ስለነበር አልሰማህም።

መምህሩ፦
አማርኛ አስተምራለሁና ትንሽ ልግባ። «እሽ» የተበላሸ «እሺ» አይደለም። በእኛ በኩል ከሽ፣ ከች፣ ከጅ በኋላ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ትወድቃለች። አንቺ አንች፣ ሂጂ ሂጅ፣ ጠጪ ጠጭ። ጎጃምም ወሎም ይኸው ነው። ሥርዓት አለው። ተዋናይቱ ግን ሥርዓቱን አታውቀውም። «እሽ» ትልና በዚያው ትንፋሽ «አንቺ» ትላለች። ሽማግሌውን ደግሞ «አንተ» አለቻቸው! የትኛዋ የገጠር ልጅ ናት አንቱ ማለት የሚጠፋት?

ሌላም አለ። ሠርግ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ጠላ በብርሌ ታዞራለች። ማን ሞቶባት ነው? ጠላስ ከመቼ ወዲህ ብርሌ ገባ? እኔን ያናደደኝ መሳቃቸው አይደለም። ሳያዩን መሳቃቸው ነው። ማስመሰል ካማራቸው ያስመስሉ፣ ግን መጀመሪያ ይማሩት።

ገመድ ያዥ፦
በሩቁ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ጎንደር ሊቀርጹ ለሚመጡ ቡድኖች መብራት አቆማለሁ፣ ገመድ እጎትታለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ተዋናዩ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፣ አብዛኛው ቀረጻም እዚያ ነው የሚያልቀው። እዚህ የሚመጡት ለአራትና ለአምስት ቀን ነው። አልጋው፣ ምግቡ፣ መኪናው በቀን ይቆጠራል። ግንቡን፣ ከተማውን ከላይ፣ አንድ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ቀርጸው ውልቅ ይላሉ።

አንድ ጊዜ ዳይሬክተሩን «ይች ልጅ እንደኛ እያወራች አይደለም» አልሁት። «አንድ ቀን አብረሃት ተቀመጥና አለማምዳት፤ የቀኑን ወጪ ግን አንተ ትከፍላለህ» አለኝ። ገመዴን ጠቅልዬ ሄድሁ። ክፋት አይደለም፣ ብር ነው።

ብር ብቻም አይደለም፣ ልበል። የጥምቀትን ትዕይንት እንቀርጻለን ብለው በግንቦት የመጡ አሉ። ፋሲለደስ መዋኛ ስንደርስ ገንዳው ደረቅ ነው። «ውኃው የት አለ?» ይሉኛል። የቀሃ ወንዝ ውኃ ለጥምቀት ነው የሚገባው ብዬ ሳስረዳቸው ፕሮዲዩሰሩ በቦቴ ማስሞላት ስንት እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።

ዩቲዩብ ጠባቂ፦
ምን አስጨነቃችሁ? ትንሽ ታገሡ፣ ዩቲዩብ ላይ ይለቀቃል። ሳቁንም ንዴቱንም በነጻ ታገኙታላችሁ። ግን ሙሽራዋ ማንን አገባች? ተዉት፣ አትንገሩኝ።

መምህሩ፦
ለገመድ ያዥ፦ ገንዘብ ሁሉንም አይመልስም። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ነው። «ጤዛ» የሚለውን ፊልሙን አይተሃል? ከጀርመን ወደ እናቱ ቤት የሚመለስ ሰው ታሪክ ነው። የገጠር ሰው በገጠር አነጋገር ይናገራል፣ ተመልካች ግን ይሰማዋል እንጂ አይስቅበትም። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ፤ በዓመቱ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ወሰደ። አነጋገራችን ከባሕር ማዶ ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው። እዚሁ አገር ውስጥ ለምን ይከብዳል?

ገመድ ያዥ፦
መምህር፣ ያ ፊልም ስንት ዓመት ፈጀ? ይኼኛው ደግሞ ለፋሲካ መድረስ ነበረበት። እኔም የቤት ኪራይ ነበረብኝ።

ነርሷ፦
ለፋሲካ መድረሱ ዘበኛውን ከእኛው ከደምቢያ ገጠር እንዲያመጣው አላስገደደውም። ያ ወጪ የለውም። ወረቀት ላይ ነው የተጻፈው።

ገመድ ያዥ፦
ለዚህስ መልስ የለኝም።

የአዘዞ ልጅ፦
ቀልድ ይከልከል አላልሁም፣ አልልምም። ፒያሳ እንደሆነ ሱፉን እስኪያስመልሰኝ አይለቀኝም። የነርሷ ነገር ግን ልቤ ገብቷል። ሦስቱንም ፊልሞች መለስ ብዬ ሳስባቸው፣ በፖሊሱ ውስጥ እንኳ የሰረቀው ልጅ እንደኛ ነበር የሚያወራ። ያኔ አላስተዋልሁትም። ተኝቼ ስለነበር ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። አክስቴ ሰኞ ወደ ቆላ ድባ ተመለሰች። በርበሬ በሚኒባስ ልካልኝ ነበርና ትናንት ደወልሁላት፣ ከሹፌሩ ተቀብያለሁ ልላት። «እሺ» አለች። ጥርት አድርጋ፣ በ«ሺ»። ሌላ ምንም አላለችም። ሁልጊዜ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ብዙ የምታወራ ሰው ናት።

ፒያሳ ቡና፦
የምርህን ነው?

የአዘዞ ልጅ፦
የምሬን ነው።

ፒያሳ ቡና፦
ኮሜዲ ኮሜዲ ነው ያልሁት እንዳለ ነው፣ አልነሣም። የአክስትህን ቁጥር ግን በውስጥ ላክልኝ። ልጆቿን ሁሉ በስም እያነሣሁ እስኪደክማት አስወራታለሁ።