ለጋላክሲ ሞዴል የሚገባው የኤክስሬይ ፍሰት አስቀድሞ መታረም አለበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቻንድራ ቴሌስኮፕ የተለኩ የኤክስሬይ ፍሰቶችን ከአልትራቫዮሌትና ከኢንፍራሬድ ልኬቶች ጋር አጣምሬ፣ ሲጋል በተባለው ፕሮግራም የጋላክሲዎችን ሞዴል እየሠራሁ ነው። ፕሮግራሙ አቧራ የጋረደውን ብርሃን ራሱ የሚያሰላ ሆኖ ሳለ፣ ጋዝ የመጠጠውን ኤክስሬይ እኔ አስቀድሜ ማረም ይጠበቅብኛል?

መልስ 1፦ አዎ፣ ይጠበቅብዎታል። የፕሮግራሙ የኤክስሬይ ክፍል የሚያሰላው ከምንጩ የወጣውን፣ ጋዝ ያልነካውን ፍሰት ነው። በ2 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት (በኤክስሬይ) ያለውን፣ በጋላክሲው መሃል የሚገኘውን የጥቁር ጉድጓድ ብርሃን በ2500 አንግስትሮም (በአልትራቫዮሌት) ካለው ጋር ስለሚያያይዝ፣ የእኛም ጋላክሲ ሆነ የምንጩ ጋዝ የወሰደው ካልተመለሰ የጥቁር ጉድጓዱ ድርሻ ከእውነቱ አንሶ ሊወጣ ይችላል።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ከተቻለ ግን ብዙ የማይመጠጠውን ከፍተኛ ኃይል ያለውን ክልል ይምረጡ። ቀይ ሽሽቱ (የጠፈር መስፋፋት የብርሃኑን ሞገድ የለጠጠበት መጠን) 2 በሆነ ጋላክሲ፣ ከ2 እስከ 7 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት የምንለካው ጨረር ሲነሣ ከ6 እስከ 21 ስለነበር እርማቱ ይቀንሳል። የጋዙ መጠን በካሬ ሴንቲሜትር ከ1.5 × 10²⁴ አተሞች ሲበልጥ ግን፣ ኤንጂሲ 1068 በተባለው ጋላክሲ እንደሚታየው፣ የሚደርሰን በአብዛኛው ተንጸባርቆ የመጣ ጨረር ነው። እንዲህ ባለው ምንጭ ላይ ቀላል የእርማት ብዜት አላምንም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ ስፔክትረሞቹን እንደገና እተነትናለሁ።