ክርክር፦ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በምኞት ይሞላ ወይስ በውጤት?

የአንድ ወላጅ ጥያቄ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ከሰፈራችን ወደ ቂሊንጦ ስንወርድ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን እናልፋለን፤ ልጄም ከልጅነቱ ጀምሮ «የምማረው እዚህ ነው» ሲል ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ግን መምህሩ የሞዴል ፈተና ውጤቱን አይተው አምቦን፣ ወልቂጤንና ደብረ ብርሃንን ጭምር እንዲያስብ መከሩት። ከ600 ያገኘው 312 ሲሆን፣ ሒሳብ 41፣ ፊዚክስ ደግሞ 39 ነው። ልጁ የዚያን ቀን ማታ ደብተሩን ሳይገልጥ ተኛ። ዋናው ፈተና ሳይደርስ የልጅን ተስፋ መቁረጥ ከመምህር ይጠበቃልን?

የፊዚክስ መምህር፦
እናቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን 312ን እንደ አንድ ቁጥር አይመልከቱት። ማለፊያው 50 በመቶ በመሆኑ ልጅዎ ከመስመሩ በላይ ያለው በ12 ነጥብ ብቻ ነው፤ እሱንም ያስገኙለት እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ እንጂ ለምህንድስና መሠረት የሆኑት ሁለቱ ትምህርቶች አይደሉም። የጠቀሱት ዩኒቨርሲቲ ከአገር አቀፉ ፈተና በተጨማሪ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን እያወቅሁ «አይዞህ፣ ይሳካልሃል» ብዬ ብሸኘው የማታለል ያህል እቆጥረዋለሁ። ቂሊንጦን ሰርዝ ያለው ግን የለም፤ አንደኛ ላይ ይጻፈው፣ ከሥሩ ያሉትን መስመሮች ግን በግዴለሽነት አይሙላቸው።

ሌላ ወላጅ (ኮዬ ፈጬ)፦
በዚህ አልስማማም። መምህራን «ለአንተ ይሄ ይበቃሃል» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ለዳር ሰፈር ልጆች ነው። የመሐል ከተማ ተማሪ በዚሁ ውጤት አስጠኚ ይቀጠርለታል እንጂ ምርጫህን ዝቅ አድርግ አይባልም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
የኮዬ ፈጬዋ እናት የተናገሩት በእኔም ላይ ስለደረሰ እውነትነቱን አልክድም። ይሁንና ሁላችንም የዘነጋነው የመጀመሪያውን ዓመት ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ስለገባ ብቻ የሚፈልገውን ዲፓርትመንት አያገኝም፤ የፍሬሽማን ኮርሶችን ወስዶ በሚያመጣው ውጤት ይወዳደራል። እኔ ስሙ ከሚጠራ ግቢ ገብቼ ሦስተኛ ምርጫዬ ደረሰኝ፤ በሞዴል ከእኔ ያነሰ የነበረው የወንበር ጓደኛዬ ወደ ክልል ሄዶ ዛሬ ሁለታችንም የተመኘነውን ሲቪል ምህንድስና ይማራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውም ለሁላችንም አንድ ነው። ስለዚህ ምርጫ የሚሞላ ተማሪ «የት እገባለሁ?» ከማለቱ በፊት «ምን መማር እፈልጋለሁ?» ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል።

የመጀመሪያዋ ወላጅ፦
ስለ ዲፓርትመንቱ የተነገረውን አላውቅም ነበር። ርቀቱን በሚመለከት ግን አልተረታሁም፤ ልጄ ቢታመም በአንድ ቀን ደርሼ ልመለስ የምችልበት ቦታ መሆን አለበት። አምቦና ደብረ ብርሃን በዚህ ያልፋሉ፣ አሶሳ አያልፍም። ትናንት ማታ ከልጁ ጋር ተቀምጠን ዝርዝሩን በእርሳስ ጻፍነው፤ ቂሊንጦ አንደኛ፣ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ሆኗል። ሦስተኛውን ከሒሳብ መምህሩ ጋር ሳይነጋገር አልጽፍም ብሏል።