ዴቢያን 12 እየጫነ መብራት ሄደ፣ አሁን ስክሪኑ ጥቁር ነው

የፒያሳ ፅሁፍ ቤት (ደሴ)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሊኑክስ የምትነካኩ ሰዎች እባካችሁ ድረሱልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የፅሁፍና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ፣ ዋናው ማሽን አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፣ ዴቢያን 11 (የሊኑክስ አይነት ነው) በኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ተጭኖበት የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ እየተሰካበት ቫይረስ የሚባል ነገር ሳላይ ስሰራበት ነበር። ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ ጂፎርስ ጂቲ 430 ነው፣ ድራይቨሩን የጫነልኝ ልጅ አሁን አዲስ አበባ ነው ስልክም አያነሳም። ወደ 12 ላሳድገው ብዬ ሶርስስ ዶት ሊስት የሚባለው ፋይል ላይ ቡልስአይ የሚለውን የ11 ስም በ12ቱ ስም ቡክዎርም ቀየርኩትና ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ በስልኬ ዳታ አስነሳሁት፣ አውርዶ ጨርሶ እየጫነ እያለ መብራት እልም። ዩፒኤሱ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል ለጌጥ ነው ያለው። መብራት ሲመጣ ከፈትኩት፣ ግሩብ የሚባለው የማስነሻ ሜኑ ይመጣል፣ ፅሁፎቹ ይሮጣሉ፣ ከዛ ጥቁር ሆኖ ግራ ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች በቃ ሌላ ምንም የለም። ፎርማት አልፈልግም፣ የጥር ሰርግ ጥሪ ካርድ ዲዛይኖች በሙሉ እዛ ውስጥ ናቸው ባክአፕ የያዝኩት ግማሹን ብቻ ነው። ደግሞ ዳታው አልቋል፣ ሌላ ትልቅ ፓኬጅ ከመግዛቴ በፊት ምን እንደማወርድ ልወቅ። ምን ይሻላል?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ፋይልህን በሌላ ማሽን ገልብጥና ዊንዶውስ ጫንበት ተገላገል ወንድሜ፣ ለፎቶኮፒ ቤት ሊኑክስ ምን ያደርግልሃል

ሸዋ በር ጌመር

ዊንዶውሱን ተወው፣ ይሄ የድራይቨር ጉዳይ ነው። ከኤንቪዲያ ሳይት 390 የሚለውን የድራይቨር ቅጂ፣ ዶት ራን የሚባለውን መጫኛ ፋይል አውርደህ በተርሚናል አስነሳው ራሱ ሁሉንም ያስተካክልልሃል፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው

ሐረጎ ላይ (ኮምቦልቻ)

እረ ተዉት ልጁን ዳታ አታስጨርሱት፣ አሁን ምንም አታውርድ። ስክሪን ላይ የምታየው ነገር እኮ አንድ ፕሮግራም አይደለም፣ ከታች የሲስተሙ እምብርት ከርነሉ አለ፣ እሱ ላይ ካርዱን የሚያዝበት ሞጁል አለ፣ ከዛ ስክሪኑ ላይ የሚስለው ኤክስ ሰርቨር፣ ከዛ ላይት ዲኤም የሚባለው ፓስወርድ የሚጠይቅህ፣ ኤክስኤፍሲኢ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰረዟ ብልጭ ካለች ከርነሉ በህይወት አለ ማለት ነው፣ የወደቀው ከሱ በላይ ያለ ነገር ነው፣ የቱ እንደሆነ ሳታውቅ የምታወርደው ሁሉ ብር ማቃጠል ነው።

መጀመሪያ ኮንትሮል አልት ኤፍ 3 አንድ ላይ ተጫን፣ ሎግኢን የሚል ጥቁር ገፅ ከመጣ ግማሹ ስራ አለቀ። ካልመጣ ግሩብ ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ግባና ሪከቨሪ ሞድ የሚለውን ምረጥ። ከዛ ኮማንዱን በኛ ፊደል ነው የምፅፍልህ እንደሚሰማው አድርገህ ምታው፣ ሱዶ ዲፒኬጂ፣ ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ ቦታ፣ አንድ ሰረዝ ኤ። ይሄ መብራቱ ሲሄድ ተፈቶ ሳይዋቀር የቀረውን ፓኬጅ ሁሉ ይጨርሰዋል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቀጥሎ (አፕት ፓኬጅ የሚያወርደውና የሚጭነው ነው) ሱዶ አፕት ሰረዝ ኤፍ ኢንስቶል፣ ከዛ ሱዶ አፕት ፉል ሰረዝ አፕግሬድ። ያወረድካቸው ፋይሎች ቫር ካሽ አፕት አርካይቭስ ውስጥ አሉ፣ ከዛ ነው የሚያነሳቸው፣ ስለዚህ ሰው መጥቶ አፕት ክሊን በል ቢልህ እንዳትሰማው ወላሂ እንደገና ከዜሮ ነው የምታወርደው። ትንሽ የጎደለ ካለ ስልክህን በኬብል ሰክተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብራ፣ ኔትወርክ ማናጀሩ እየሰራ ከሆነ እንደ ገመድ ኔትወርክ አይቶ ራሱ ይይዘዋል።

ዶት ራን ያልከው ወንድም፣ ይቅርታ ግን ለሱ አይሆንም። ያ ፋይል የአፕትን ፓኬጆች ሳያውቅ ላያቸው ላይ ይፅፋል፣ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ሞጁሉ እንደገና መሰራት አለበት። ሌላው ጂቲ 430 ፈርሚ የሚባለው ትውልድ ነው፣ የሱ የመጨረሻ ድራይቨር 390 ነው፣ ኤንቪዲያ ለሱ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2022 መጨረሻ አቁሟል፣ ዴቢያንም 11 ላይ ነበረው 12 ላይ አላስገባውም። ስለዚህ የኔ ግምት እንዲህ ነው፣ ለአዲሱ 6.1 ከርነል የኤንቪዲያ ሞጁል አልተሰራም፣ ነፃው ድራይቨር ኑቮ ደግሞ የኤንቪዲያ ፓኬጅ ሲገባ ስለታገደ ቦታውን ሊይዝ አልቻለም፣ ካርዱ ባለቤት አጥቶ ቁጭ ብሏል።

ከላይ ያሉትን ጨርሰህ ሪስታርት ካደረግክ በኋላ ካልመጣ ቫር ሎግ ውስጥ ኤክስኦርግ ዶት 0 ዶት ሎግ የሚለውን ክፈት፣ በቅንፍ ኢ ኢ (ስህተት ማለት ነው) የሚል ያለባቸውን መስመሮች ፎቶ አንስተህ እዚህ ላክ። እስከዛ ደንበኛ ከመጣብህ ፒዲኤፍ ከሆነ ከዛው ጥቁር ገፅ ላይ ኤልፒ ብለህ የፋይሉን ስም ፅፈህ ማተም ትችላለህ፣ የማተሚያው ሲስተም ካፕስ ስክሪን አይፈልግም 😄

ሸዋ በር ጌመር

እሺ ለጌም ማሽን ነው እኔ ያልኩት፣ የኔ ካርድ አዲስ ነው

ጋሼ ቧንቧ ውሃ

የሐረጎዋ ልጅ ያለችው ልክ ነው። ትንሽ ልጨምር፣ ሽማግሌ ወሬ ያበዛል ታገሱኝ።

ይሄ ኤክስ የሚባለው በ1984 ኤምአይቲ የተጀመረ ነው፣ 11ኛው ቅጂ በ1987 ወጣ፣ እስከዛሬ ኤክስ 11 እንደተባለ አለ። እኛ ስንጀምር ኤክስፍሪ 86 ነበር የሚባለው፣ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የሞኒተሩን ፍሪኩዌንሲ በእጅ ነበር የምንፅፈው፣ የድሮዎቹ ባለ ቲዩብ ሞኒተሮች ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ቁጥር ከተፃፈባቸው ሊበላሹ ይችሉ ነበር፣ እየፈራን ነበር ኢንተር የምንለው። በ2004 ላይሰንሱን ሲቀይሩት ሰዉ ጥሎት ወደ ኤክስ ዶት ኦርግ ሄደ። በ2005 መጨረሻ 7.0 ሲወጣ ያ አንድ ትልቅ ክምር የነበረው ሶፍትዌር ተበታትኖ ሰርቨሩ ለብቻ፣ እያንዳንዱ ድራይቨር ለብቻ፣ ላይብረሪው ለብቻ ሆነ። አፕግሬድ ያቀለለውም ያከበደውም ይሄ ነው፣ አንዱን ብቻ መቀየር ትችላለህ ግን ድራይቨሩና ሰርቨሩ መግባባት አለባቸው። ዴቢያን 11 ላይ ሰርቨሩ 1.20 ነበር፣ 12 ላይ 21.1 ነው። ለድሮው ሰርቨር የተሰራ ድራይቨር አዲሱ ላይ አልጫንም ቢል አይገርምም።

እና ልጄ አንድ ነገር እይ፣ ኢቲሲ ኤክስ 11 ፎልደር ውስጥ ኤክስኦርግ ዶት ኮንፍ የሚባል ፋይል ካለ ያ ድራይቨር የጫነልህ ልጅ የፈጠረው ነው የሚሆነው። ዛሬ ሰርቨሩ ካርዱንም ሞኒተሩንም ራሱ ያውቃል፣ አብዛኛው ሰው ያ ፋይል አያስፈልገውም። እዛ ውስጥ ድራይቨር ኤንቪዲያ የሚል ከተፃፈ ኤንቪዲያውን ብታጠፋውም እሱኑ እየፈለገ ነው የሚወድቀው።

እኔ ራሴ ቤት ኦፕንቢኤስዲ የሚባል ሊኑክስ ያልሆነ ሌላ ሲስተም ነው የምጠቀመው፣ እዛ ኤክሱ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፣ ዜኖካራ ይሉታል፣ ሲስአፕግሬድ ስትል ከርነሉም ኤክሱም አንድ ላይ ይወጣል፣ እንዲህ ያለ ጣጣ ብዙም አላይም። በምትኩ ኤንቪዲያ ራሱ የሚሰራው ድራይቨር የለም፣ እኔ ኢንቴል ስለሆነ አይጎዳኝም። ዘመዱ ፍሪቢኤስዲ ላይ ደግሞ ዲአርኤም ኬሞድ የሚባለው የግራፊክስ ሞጁል ከከርነሉ ቨርዥን ጋር ካልገጠመ ያው እንደናንተው ጥቁር ነው።

የፒያሳ ፅሁፍ ቤት (ደሴ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው ፋይሉ አለ። እህቴ አንቺም ተባረኪ፣ ኤፍ 3 ስል መጣ፣ ዲፒኬጂውን አስነሳሁት ብዙ ነገር አዋቀረ፣ ፉል አፕግሬዱ ትንሽ ነው ያወረደው ዳታዬ ተረፈ። ሪስታርት አደረግኩት አሁንም ጥቁር። ሎጉ ላይ ኢ ኢ ያለው ፌይልድ ቱ ሎድ ሞጁል ኤንቪዲያ ይላል፣ ከስር ኖ ስክሪንስ ፋውንድ ይላል። ሞኒተሩ ተሰክቷል እኮ ስክሪን የለም ማለቱ ምንድነው?

ሐረጎ ላይ (ኮምቦልቻ)

አብሽር ሞኒተሩን አይደለም። የሚነዳው ድራይቨር ያለው ስክሪን አላገኘሁም ነው የሚልህ፣ እንዳልኩህ ካርዱ ባለቤት የለውም።

አሁን ኤንቪዲያውን ንቀለው። ሱዶ አፕት ፐርጅ ብለህ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ኮከብ ኤንቪዲያ ኮከብ። ጥቅሱን እንዳትረሳ። ዋይ ከማለትህ በፊት የሚያጠፋቸውን ዝርዝር አንብብ፣ ኤንቪዲያ የሚል ስም ያላቸውና አንዳንድ ጂኤልኤክስ የሚሉ ቢሆኑ ችግር የለውም፣ ኤክስኤፍሲኢ ወይ ላይት ዲኤም ካየህ ግን ኤን በልና እዚህ ፃፍ። ከዛ ያንን ኤክስኦርግ ዶት ኮንፍ አታጥፋው ስሙን ብቻ ቀይረው፣ መጨረሻው ላይ ዶት አሮጌ በለው በእንግሊዝኛ ፊደል። ከዛ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤክስሰርቨር ሰረዝ ኤክስኦርግ ሰረዝ ቪዲዮ ሰረዝ ኑቮ፣ ተጭኖ ሊሆን ይችላል ካለ አለ ይልሃል። ከዛ ሱዶ አፕዴት ሰረዝ ኢኒትራምኤፍኤስ ሰረዝ ዩ፣ ይሄን አትዝለለው፣ ኑቮን ያገደው ትእዛዝ ከርነሉ መጀመሪያ የሚያነበው ምስል ውስጥም ተገልብጦ ሊሆን ስለሚችል እሱም መታደስ አለበት። ሪስታርት።

እግረ መንገድህን ሶርስስ ዶት ሊስት ላይ ኖን ሰረዝ ፍሪ የሚለው ጎን ኖን ሰረዝ ፍሪ ሰረዝ ፈርምዌር የሚል ጨምር። ከ12 ጀምሮ ፈርምዌሮቹን (ሃርድዌሩ ውስጥ የሚገቡትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) ለብቻ አውጥተዋቸዋል፣ ካልጨመርክ የዋይፋይም የምንም አዲስ ፈርምዌር አይመጣልህም፣ ስህተት ብሎም አያቆምህም።

የፒያሳ ፅሁፍ ቤት (ደሴ)

መጣ!!! ላይት ዲኤሙ ፏ ብሎ መጣ፣ ካርዶቼም አሉ አልሃምዱሊላህ። አንድ ነገር ብቻ፣ ኢንክስኬፕ ላይ ዙም ሳደርግ ከበፊቱ ይጎተታል፣ መስኮት ስጎትትም ተከትሎ ነው የሚመጣው። የተሳሳተ ድራይቨር ይዞ ነው?

ሐረጎ ላይ (ኮምቦልቻ)

ሜሳ ዩቲልስ የሚለውን ጫንና ጂኤልኤክስኢንፎ አስነሳ፣ ሬንደረር ከሚለው መስመር ላይ ኤንቪሲ 1 ካለህ ኑቮ ካርዱን ይዞታል፣ ኤልኤልቪኤም ፓይፕ ካለህ ግን ካርዱ ተኝቶ ፕሮሰሰሩ ነው ሁሉን የሚስለው ያኔ እንነጋገራለን። ኤንቪሲ 1 ሆኖም ቢጎተት የሚጠበቅ ነው፣ ኑቮ በፈርሚ ካርዶች ላይ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ስለማይችል ሲነሳ ባለበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚሰራው። ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶው ማናጀር ትዊክስ ግባ፣ ኮምፖዚተር የሚለው ላይ ምልክቱን አንሳ፣ ጥላው ይጠፋል ግን መስኮቱ ይቀልልሃል። ለካርድና ለማመልከቻ ስራ ይበቃሃል፣ ለጌም አይሆንም።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ተሳካልህ እንኳን ደስ ያለህ 😂 እኔ ግን አንድ ጥያቄ፣ ሁሉም ዌይላንድ ዌይላንድ ይላል ለምን ወደሱ አትነግሩትም ኤክስ ሞቷል ይባል የለ

ጋሼ ቧንቧ ውሃ

ዌይላንድ በኤክስ ቦታ እንዲገባ በ2008 ነው የተጀመረው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ዴቢያን ላይ ግኖም የሚባለው ዴስክቶፕ ያለው ሰው ከ10 ጀምሮ ሳያውቀው እየተጠቀመበት ነው። ይሄ ልጅ ግን ኤክስኤፍሲኢ ነው ያለው፣ 12 ላይ ያለው ኤክስኤፍሲኢ 4.18 ነው እሱ በኤክስ ብቻ ነው የሚሄደው። እየሰራ ያለ ሱቅ አይነካም።

የፒያሳ ፅሁፍ ቤት (ደሴ)

ኤንቪሲ 1 ይላል። ኮምፖዚተሩን አጠፋሁት በጣም ተሻለ። 13ም ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ፣ ልቀጥል ወይስ? ማዶ ያለችው ሁለተኛዋ ማሽንም አለች፣ እሷ 32 ቢት ናት 11 ላይ ነች

ሐረጎ ላይ (ኮምቦልቻ)

ኧረ ተረጋጋ። 13 በ2025 ወጥቷል ግን 12 ረጅም ድጋፉ እስከ ጁን 2028 ስለሆነ የሚያስቸኩልህ ነገር የለም፣ ጥር ይለፍ። ሁለተኛዋን ወደ 12 ማሳደግ ትችላለህ፣ እዛው ትቆማለች፣ 13 ለ32 ቢት ፒሲ ጫኝም ከርነልም የለውም። መጀመሪያ ግን የዩፒኤሱን ባትሪ ቀይር፣ ወይ ጎረቤት ጄኔሬተር ካለ ኬብል ለምነህ ከሱ ላይ አስነሳው።